ከፓርቲ ጽሕፈት ቤት ወደ ውሃ ጽሕፈት ቤት፦ በሰሜን ሸዋ አንድ ወረዳ የታየ የሹመት ጉዳይ

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

በወረዳ ደረጃ የቧንቧ ሠራተኛ ለመቀጠር የትምህርት ማስረጃ፣ የሥራ ልምድና ፈተና ይጠየቃል። የቧንቧ ሠራተኛውን፣ መሐንዲሱንና ግምጃ ቤቱን በአንድ ላይ የሚመራው የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ግን ተሿሚ ነውና ይህ ሁሉ አይመለከተውም። አስተዳዳሪው ያቀርባል፣ ምክር ቤቱ ያጸድቃል። በፌዴራል ደረጃ ያለውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 74 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዕጩ ሚኒስትሮችን ለተወካዮች ምክር ቤት አቅርቦ እንዲያስጸድቅ ያዛል፤ ከምክር ቤቶቹ አባላት ውጭ የሚመጣው ዕጩ ብቃት እንዲኖረው ቢጠይቅም ከዚህ በፊት ምን መርቶ እንደሚያውቅ አይጠይቅም።

«ተሿሚ የአመራር ልምድ ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም?» የሚለው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሰውየው ማንነት ሆኖ ይቀራል። ከዚህ በታች የቀረበው ጉዳይ የልምድ ማነስ በየትኛው ወር፣ በየትኛው ወረቀት ላይ፣ በማን ጀሪካን ላይ እንደሚያርፍ ስለሚያሳይ ነው የተመዘገበው። የወረዳውና የሰዎቹ ስም አልተጠቀሰም፤ ወረዳው እንዳይለይም ቁጥሮቹ ጥቂት ተሸጋሽገዋል። ጊዜው ከ2015 ዓ.ም. በፊት ነው፤ ባለሙያ ሞተር ብስክሌት አስነሥቶ የፈለገው ቀበሌ የሚደርስበት ዘመን።

ዳራ

ወረዳው ራስጌው ብርዱ የሚቆረጥም ደጋ፣ ግርጌው ወደ ሸለቆ የሚወርድ ቆላ ነው። የውሃ ጽሕፈት ቤቱ 23 ሠራተኞች አሉት፤ ከእነዚህ ውስጥ የጥገና ባለሙያዎቹ 4 ብቻ ናቸው። ከሦስቱ ሞተር ብስክሌቶች የሚሠራው አንዱ ነበር። በወረዳው 124 የእጅ ፓምፖች አሉ፤ አብዛኞቹ አፍሪዴቭ፣ ጥቂቶቹ ኢንዲያ ማርክ ናቸው። የጎለበቱ ምንጮችም አሉ፤ እነሱ ግን ከተሠሩ በኋላ እንደ ፓምፕ ስለማያስቸግሩ እዚህ ብዙ አይነሡም።

የፓምፖቹ ልዩነት ለታሪኩ ያስፈልጋል። አፍሪዴቭ የተሠራው መንደሩ ራሱ እንዲጠግነው ታስቦ ነው። አንድ ቁልፍና የታችኛውን ቫልቭ ጎትቶ የሚያወጣ መንጠቆ ከተገኘ፣ ቱቦውን ከጉድጓድ ሳያወጡ ሁለት ሰዎች በግማሽ ቀን ይፈቱታል። ቶሎ የሚያልቀው ክፍሉ በፒስተኑ ላይ የምትቀመጠው ዩ-ሲል የምትባል የጎማ ቀለበት ናት። ኢንዲያ ማርክ ግን በዚያ ቦታ የሚጠቀመው ሌላ ዓይነት፣ እንደ ስኒ የጎደጎደ ማሸጊያ ነው። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

ኃላፊው የተሾሙት በጥቅምት ወር በተደረገ ሽግሽግ ነው። ቀደም ሲል ለአራት ዓመት መምህር፣ ከዚያም በፓርቲ ጽሕፈት ቤት የአደረጃጀት ሠራተኛ ነበሩ። ሰው ማሰባሰብ ያውቃሉ፣ ቀበሌዎቹን በእግራቸው ያውቋቸዋል፣ የአርሶ አደሩን ስብሰባ ከመጨቃጨቅ አውጥተው ውሳኔ ላይ ማድረስ ይችሉበታል። በጀት ዘግተው፣ ግዥ አስፈጽመው፣ የሠራተኛ አፈጻጸም ሞልተው ግን አያውቁም። ርክክቡ አንድ ከሰዓት በኋላ ወሰደ፤ ማኅተም፣ የቢሮ ቁልፍ፣ የመኪናው ሊብሬ። ስለ በጀቱ ቀሪ ሂሳብ የተጻፈ አንድም ወረቀት አልነበረም።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባል ስለ ሹመት ሲወራ ቶሎ አፍ ላይ ይመጣል። እዚህ ጉዳይ ላይ የተበላ ነገር አልነበረም። በኋላ የመጣው ኦዲትም የጠፋ ገንዘብ አላገኘም። ያገኘው ሥራ ላይ ሳይውል የተመለሰ ገንዘብ ነው።

ችግሩ

በመጋቢት ወር ከ124ቱ ፓምፖች 37ቱ ቆመው ነበር። ከእነዚህ 26ቱ የቆሙት ዩ-ሲልን በመሰለ ትንሽ መለዋወጫ ምክንያት ነው። በአንድ የቆላ ቀበሌ ሴቶች ፓምፑ አጠገብ ጀሪካናቸውን በወረፋ ደርድረው፣ እጀታውን ሠላሳና አርባ ጊዜ ይጭኑት ነበር፤ ጎማዋ ስላለቀች ውሃው ግማሽ መንገድ ወጥቶ ይመለሳል። ከዚያ ወደ ወንዝ ይወርዳሉ። ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ በዚያው ወር የዕቅድ አፈጻጸሙን 87 በመቶ ብሎ ሪፖርት አድርጓል። ቁጥሩ የፈጠራ አልነበረም፤ የተካሄዱ ስብሰባዎች፣ የተሰጡ ሥልጠናዎችና የተላኩ ደብዳቤዎች ተደምረው የመጡ ናቸው። የቆመ ፓምፕ በሪፖርቱ ቅጽ ላይ ዓምድ አልነበረውም።

እዚህ የተደረሰው በሦስት መንገድ ነው።

የመጀመሪያው ግዥ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። ፓምፕ በብዛት የሚሰበረው ደግሞ ምንጭና ኩሬ ደርቆ ሰው ሁሉ ፓምፕ ላይ በሚረባረብበት ከጥር እስከ ግንቦት ነው። መንገዱ ለሞተር የሚመቸው ከኅዳር በኋላ ነው። ስለዚህ መለዋወጫው ኅዳር ላይ ግምጃ ቤት መግባት አለበት፤ ለዚያም የግዥ ጥያቄው መስከረም ላይ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት መድረስ ይኖርበታል። ፕሮፎርማው፣ ማወዳደሩ፣ ከአዲስ አበባ ማምጣቱ ሁለት ወር ይበላል። የቀድሞው ኃላፊ መሄዳቸውን ስላወቁ መስከረም ላይ አልጠየቁም። አዲሱ ኃላፊ ጥያቄ መቅረብ እንዳለበት የሰሙት ጥር ላይ ነው፤ ዕቃው የገባው ሚያዝያ ላይ።

የገባውም ዕቃ አልሆነም። ጥያቄው ላይ የተጻፈው «የፓምፕ ጎማ፣ ብዛት 60» ብቻ ነው። የፓምፑ ዓይነት የለም፣ መግለጫ አልተያያዘም። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ነጋዴ የኢንዲያ ማርክ ማሸጊያ አመጣ። ተረካቢ ኮሚቴው ቆጠረ፣ 60 ሆነ፣ የዕቃ ገቢ ደረሰኙ ሞዴል 19 ተቆረጠ። ከኮሚቴው ውስጥ የጥገና ባለሙያ አልነበረም። የመጀመሪያው ባለሙያ ፖስታውን ከፍቶ ያየው ከሁለት ሳምንት በኋላ ፓምፕ ተፈትቶ ሰው ከቦ ቆሞ ሳለ ነው። ኃላፊው ዩ-ሲልን ከስኒ ማሸጊያ መለየት ነበረባቸው የሚል ሰው የለም። ጥያቄውን ከመፈረማቸው በፊት ግን «ይህን የሚገጥመው ማነው? እሱ አይቶታል?» ብሎ መጠየቅ የኃላፊ ሥራ ነው። አንድ ጊዜ ግዥ አስፈጽሞ የተቃጠለ ሰው ሳይጠይቅ አይፈርምም።

ሁለተኛው ፊርማ ነው። የሞተር ነዳጅ፣ የባለሙያ ውሎ አበል፣ ከግምጃ ቤት የሚወጣ ዕቃ፣ ሁሉም በኃላፊው ፊርማ ብቻ ይወጣ ነበር። ኃላፊው ደግሞ የካቢኔ አባል ናቸው። ጥር ላይ የተፋሰስ ልማት ዘመቻ አለ፣ ከዚያ በፊትና በኋላ የጤና መድን መዋጮ፣ ወደ ግንቦት የማዳበሪያ ሥርጭት። የካቢኔ አባል ሁሉ የሚደግፈው ቀበሌ ይመደብለታል። በየካቲት ወር ቢሮ የዋሉት 6 ቀን ነው። «ስብሰባ ላይ ናቸው» የምትለዋ መልስ በዚያ ወር የጽሕፈት ቤቱ ዋና አገልግሎት ሆና ነበር ቢባል ማጋነን አይደለም።

ሦስተኛው፣ ብዙም ያልታየውና ከሁሉ የከፋው፣ የሂሳብ ካርድ ነው። የጽሕፈት ቤቱን ሂሳብ የሚይዘው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ያለው ፑል (የብዙ ጽሕፈት ቤቶችን ሂሳብ በአንድ ላይ የሚይዝ ክፍል) ስለሆነ ኃላፊው ካልጠየቁ ቀሪውን የሚነግራቸው የለም። የውሎ አበሉ መደብ 6231 እና የነዳጁ መደብ 6217 ጥር መጨረሻ ላይ አልቀው ነበር። ያለቁት ለጥገና ሳይሆን ለዘመቻው ነው፤ የጽሕፈት ቤቱ መኪና የዘመቻ መኪና ሆኖ፣ ነዳጁም አበሉም ከውሃ በጀት እየወጣ። ፓምፕ በብዛት በሚሰበርበት ወቅት ባለሙያዎቹ ቢሮ ቁጭ አሉ። የመለዋወጫው መደብ በአንጻሩ ከግማሽ በላይ ሳይነካ ሰኔ 30 ወደ ካዝና ተመለሰ። ገንዘቡ እያለ ሥራው ቆመ ማለት ነው፤ የተሳሳተው መደብ ውስጥ ስለነበር።

ከዚያ በፊት የነበሩት ባለሙያ

ይህን ሰምቶ «ባለሙያ ቢሾም ኖሮ» ማለት ይቀላል። ከዚያ በፊት የነበሩት ኃላፊ ባለሙያ ነበሩ፤ በውሃ ምህንድስና የተመረቁ፣ ምንጭ አይተው የውሃውን መጠን የሚገምቱ። በእሳቸው ዘመን የተሠሩት ምንጮች ዛሬም ሳያፈስሱ ይሠራሉ። ግን ባለሙያው የፈታውን ፓምፕ ራሳቸው ሄደው እንደገና ይፈቱት ነበር። ሁለት ባለሙያዎች «እሳቸው ካልመጡ አንነካውም» ማለት ጀመሩ። የሠራተኛ አፈጻጸም ለሁለት ተከታታይ ጊዜ ሳይሞላ ቀርቷል፤ ለአንድ ምንጭ ሥራ የተጠናቀቀ ክፍያ ሰነዱ ጠረጴዛቸው ላይ ሆኖ የበጀት ዓመቱ አልፏል። ካቢኔ ውስጥ ደግሞ ስለማይናገሩ መኪናው በየዘመቻው ሲወሰድ አንድ ቀን አልተከራከሩም።

ሁለቱ ኃላፊዎች የጎደላቸው አንድ ነገር ነው፤ የአመራር ልምድ። የአንደኛው ፓርቲ፣ የሌላኛው ዲፕሎማ አልሸፈነውም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ሰኔ መጨረሻ ላይ በተደረገ ግምገማ ከአንድ ቀበሌ የመጡ የምክር ቤት አባል በስህተት የተገዛውን ማሸጊያ በእጃቸው ይዘው አሳዩ። አስተዳዳሪው ኃላፊውን ከማንሣት ይልቅ አንድ ዓመት ሰጧቸው። ከሐምሌ ጀምሮ የተደረገው ይህ ነው።

ኃላፊው ከፑሉ ሂሳብ ሠራተኛ ጋር ሁለት ቀን ተቀምጠው እያንዳንዱን የበጀት መደብ አነበቡ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ በ5ኛው ቀን የቀሪ ሂሳብ ወረቀት አንድ ገጽ ይደርሳቸዋል። ይህች ገጽ ከማንኛውም ሥልጠና በላይ ሠርታለች።

የዓመቱ ዕቅድ በሪፖርት ቅጽ ላይ ብቻ እንዳይቀር ከግድግዳ ካላንደር ጋር ተያይዞ ወደ ኋላ ተቆጠረ፦ ፓምፕ የሚሰበረው ጥር፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ኅዳር 15፣ ጥያቄ መስከረም 10፣ መግለጫው ነሐሴ። መግለጫውን የጻፉት ባለሙያዎቹ ናቸው። የፓምፑ ዓይነት፣ የክፍሉ ስምና ልኬት ተጻፈ፤ ያረጀች ዩ-ሲልም ለናሙና ተያያዘች። ብዛቱ የተሰላው በግምት አይደለም፤ ለእያንዳንዱ አፍሪዴቭ በዓመት አንድ፣ በዚያ ላይ አንድ አምስተኛ መጠባበቂያ። የጥገና ቡድኑ አስተባባሪ ተረካቢ ኮሚቴ ውስጥ ገባ።

ለዚሁ አስተባባሪ የጽሑፍ ውክልና ተሰጠው፦ በአንድ ጉዞ እስከ 20 ሊትር ነዳጅ፣ እስከ 5 ቀን ውሎ አበል፣ ለጥገና የሚወጣ ዕቃ በዕቃ ማውጫው ቅጽ በሞዴል 22። ውክልናው መጀመሪያ አልሠራም። ደብዳቤው ሲጻፍ የፊርማው ናሙና ለገንዘብ ጽሕፈት ቤት አልተላከም ነበርና ፑሉ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጥያቄዎች መለሳቸው፤ 11 ቀን ጠፋ። ውክልና የሚሰጥ ሁሉ ደብዳቤውና የፊርማ ናሙናው በአንድ ቀን እንዲወጡ ያድርግ።

ከውሎ አበሉ መደብ 60 በመቶው ከየካቲት እስከ ሰኔ ለጥገና ብቻ እንዲቆይ ተወሰነ። ይህን ካቢኔው መቀበል ነበረበት፣ የዘመቻ ነዳጅም ከሌላ ምንጭ እንዲመጣ የበጀት ዝውውር ያስፈልግ ነበር። ተሿሚው ያበሩት እዚህ ላይ ነው። የቆሙትን 37 ፓምፖች በየቀበሌው ዘርዝረው፣ የትኛው የካቢኔ አባል በሚደግፈው ቀበሌ ስንት እንዳለ አጠገቡ ጽፈው አቀረቡ። በአንድ ስብሰባ ጸደቀ። የቀድሞው መሐንዲስ ለሦስት ዓመት ያልደፈሩት ነገር ነው።

በመጨረሻም አንድ ባለ መስመር ደብተር ተከፈተ፤ ቀበሌ፣ ጎጥ፣ ብልሽቱ የተነገረበት ቀን፣ ምክንያቱ፣ የተጠገነበት ቀን። ሰኞ ጠዋት ለ45 ደቂቃ ያ ደብተር ብቻ ይነበባል።

የሠራውና ያልሠራው

ብልሽት ከተነገረበት እስከ ተጠገነበት ቀን ያለው አማካይ ጊዜ ደብተሩ በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት 34 ቀን ነበር፤ መለዋወጫው ከገባ በኋላ ወደ 13 ወረደ። በሁለተኛው ዓመት መጋቢት የቆሙት ፓምፖች 15 ናቸው። ከ15ቱ አብዛኞቹ ጉድጓዳቸው የደረቀ ወይም ቱቦአቸው የተሰነጠቀ ስለሆነ በጎማ የሚፈቱ አልነበሩም።

የሰኞው ስብሰባ ግን በዘመቻ ወራት ፈረሰ። ጥር ላይ ከአራቱ ሰኞዎች የተካሄደው አንዱ ብቻ ነው፤ አስተባባሪው ያለ ኃላፊው እንዲመራ ስላልተጻፈለት ሌሎቹ ቡድኖች አልመጡለትም። ውክልናው ስለ ነዳጅ ተናገረ፣ ስለ ስብሰባ ዝም አለ። ደብተሩም በቆላው በኩል ሰነፍ ነበር። ስልክ የማይሠራባቸው ሁለት ቀበሌዎች ብልሽታቸውን የሚልኩት በገበያ ቀን ሰው አግኝተው ስለሆነ፣ የተነገረበት ቀን ተብሎ የሚመዘገበው ከተሰበረ ሳምንት ያለፈው ነው። ያ 13 ቀን ለእነሱ 20 ነው።

የውሃ ኮሚቴዎች መዋጮም አልተሻሻለም። ኃላፊው ሰው ማሰባሰብ ይችሉበት ስለነበር ይህ ይሳካል ተብሎ ነበር። በስብሰባው ሁሉም እጁን አወጣ፤ ገንዘቡ ግን የሚቀመጥበት ደብተርና ገንዘብ ያዥ ሳይለይ ስብሰባው ስለተበተነ አልተሰበሰበም። እጅ ማስወጣትና ገንዘብ ማስቀመጥ የተለያየ ሙያ ነው።

ለሌላ ቦታ የሚሆነው

የልምድ መስፈርት በሕግ ይጻፍ ሲባል በሌላ አገር የተሞከረ አለ። በአሜሪካ በ2005 የካትሪና አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊየንስን ሲያጥለቀልቅ የፌዴራሉን የአደጋ ጊዜ ድርጅት፣ ፌማን፣ ይመሩ የነበሩት ማይክል ብራውን ነበሩ። ወደ ድርጅቱ ከመግባታቸው በፊት ለዓመታት የሠሩት በአረብ ፈረሶች ማኅበር ውስጥ ነው። በማግሥቱ ዓመት ኮንግረሱ የፌማ ኃላፊ ቢያንስ የ5 ዓመት የሥራ አመራር ልምድና በአደጋ አመራር የታወቀ ችሎታና ዕውቀት እንዲኖረው በሕግ ደነገገ። ፕሬዚዳንት ቡሽ ሕጉን ሲፈርሙ የመምረጥ ሥልጣናቸውን እንደሚያጠብ ጽፈው ተቃውመዋል። ግን ከዚያ በፊት በ1990ዎቹ ፌማን የመሩትና የተመሰገኑት ጀምስ ሊ ዊትም የፖለቲካ ተሿሚ፣ ከፕሬዚዳንት ክሊንተን ጋር ከአርካንሳስ የመጡ ናቸው። ልዩነቱ ዊት በዚያው ክፍለ ግዛት የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት መርተው መምጣታቸው ነው። ጥያቄው «ፖለቲከኛ ነው ወይ?» ከመሆን «ምን መርቶ ያውቃል?» ወደሚለው መዞር አለበት።

ለወረዳ ግን «5 ዓመት» የሚል መስፈርት አይጠቅምም። አምስት ዓመት ኃላፊ ተብሎ ሰኔ 30ን በአግባቡ ዘግቶ የማያውቅ ሞልቷል፤ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበር ሊቀመንበር ሆኖ ደግሞ በጀት የዘጋ፣ ግዥ ያስፈጸመና ሠራተኛ የገመገመ፣ ሦስቱንም ያደረገ አለ። ስለዚህ የሚጠየቀው የዓመት ብዛት ሳይሆን በሰነድ የሚታይ ሥራ ቢሆን ይሻላል፦ የዘጋው በጀት፣ ከጥያቄ እስከ ርክክብ ያደረሰው ግዥ፣ የአፈጻጸም ምዘና ሞልቶ ፊት ለፊት ያነጋገረው ሠራተኛ። የጎደለው ካለ ሹመቱ ይቅር ማለት አይደለም፤ ለጎደለው ሰው ይመደብለት። ሹመቱም ከተቻለ ሐምሌ ላይ ይሁን። ጥቅምት ላይ የሚሾም ሰው የሌላ ሰው ዕቅድና በከፊል የተበላ በጀት ይረከባል፣ የግዥ ጊዜውም አልፎበታል።

ርክክብን በተመለከተ ማኅተምና ቁልፍ አይበቃም። የእያንዳንዱ መደብ ቀሪ፣ በሂደት ላይ ያለ ግዥ የት እንደደረሰ፣ ያልተዘጋ ክፍያ፣ በሥራ ላይ ያለ ውክልናና የሚያበቃበት ቀን፤ እነዚህ አራቱ በአንድ ገጽ ተጽፈው ሁለቱም ይፈርሙበት።

ኃላፊው በሁለተኛው ዓመት ግንቦት ወደ ዞን ተዛወሩ። በቦታቸው የታጩት ሴት ከሌላ ጽሕፈት ቤት የመጡ ናቸው። አስተዳዳሪው ለምክር ቤት ከማቅረባቸው በፊት ሦስቱን ጥያቄዎች ጠየቋቸው። በጀት ዘግተዋል፣ ሠራተኛ ገምግመዋል፣ ግዥ አስፈጽመው ግን አያውቁም። ተሾሙ፤ ለመጀመሪያው ሩብ ዓመት የገንዘብ ጽሕፈት ቤት የግዥ ባለሙያ በሳምንት አንድ ቀን አብሯቸው እንዲቀመጥ ተጻፈ። ርክክቡ ሁለት ሳምንት ወሰደ። የመለዋወጫ ጥያቄው ነሐሴ 20 ገብቷል፤ ከመግለጫው ጋር ያረጀች ዩ-ሲል በፕላስቲክ ታሽጋ በስቴፕለር ተያይዛለች።